የወንጪት እፉኝት መርዝ

ያን ጊዜ መንዝ ውስጥ፣ ከወንጪት ገደል አፋፍ ላይ በነበረች ትንሽ ክሊኒክ ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ነበርኩ። ዶክተር ስላልነበረን ሕዝቡ ሐኪም የሚለው እኔን ነው። አንድ ዓመት መስቀል እንዳለፈ አንድ የውጭ አገር ተመራማሪ ከወረዳው ደብዳቤ ይዞ መጣ። የሚፈልገው የእፉኝት መርዝ ነው። እንግሊዝኛ የምሞክር እኔ ብቻ ስለነበርኩ አስተርጓሚው ሆንኩ።

እፉኝቶቹን የሚይዙልን ቆላ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በባላ እንጨት አንገቱን ይጫኑና ጭንቅላቱን ከኋላ በጣታቸው ጨብጠው ያመጡታል። ፈረንጁ በስስ ላስቲክ የተሸፈነ ብርጭቆ ያስነክሰዋል፤ ቢጫ ጠብታ ይወርዳል።

"ይህ ለምን ይሆናል?" አሉ ሽማግሌው።

ተረጎምኩላቸው። ፈረስ ከመርዙ በጥቂት በጥቂቱ ይወጋል፤ ደሙ መርዙን መቋቋም ይለምዳል፤ ከዚያ ደም የተነደፈን ሰው የሚያድን መድኃኒት ይወጣል።

"ለኛስ ይደርሰናል?"

"መጀመሪያ የሚላከው ለእናንተ ነው" አለ ፈረንጁ። እኔም "በእርግጥ" የምትል ቃል ከራሴ ጨምሬ ነገርኳቸው። ከሃያ በላይ እፉኝት ያዙለት። መርዙን አድርቆ፣ በጠርሙስ አሽጎ ሄደ።

በዓመቱ ማሽላ ሲታጨድ የሽማግሌውን ባለቤት እፉኝት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ነደፋቸው። ያን ሁሉ ዳገት በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጧቸው እግራቸው እስከ ጭናቸው አብጦ ጠቁሯል፤ ድዳቸው ይደማል።

"ልጄ፣ ያ መድኃኒት መጣ?" አሉኝ ሽማግሌው።

አልመጣም። ማስታገሻ ወግቼ አጠገባቸው ከመቀመጥ በቀር የማደርገው አልነበረኝም። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ባለቤታቸው ሞቱ።

"በእርግጥ ያልከኝ አንተ ነህ" አሉ ሽማግሌው። አስከሬኑን አስነስተው ወረዱ።

እኔ አዲስ አበባ ሄድኩ። ከአንድ የመድኃኒት ሹም ቢሮ በር ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ስገባ የሰማሁት፣ መድኃኒቱ አገር ውስጥ ከገባ ወራት እንደሆነውና ከተማ ሆስፒታል ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ነው።

"እዚህ አስፋልት ላይ ማን በእፉኝት ይነደፋል?" አልኩት።

"የእናንተ ክሊኒክ ማቀዝቀዣ የለውም።"

"ጌታዬ፣ እኔ ያለሁበት አገር እኮ ጠዋት ውኃው በረዶ ሠርቶ ነው የሚገኘው።"

ሥርዓት እንድይዝ መከረኝና የተመራማሪውን የታተመ ጽሑፍ በኩራት አሳየኝ። እፉኝት የጨበጠ እጅ ፎቶግራፍ አለበት። የሽማግሌውን እጅ አውቀዋለሁ። ፊታቸው ተቆርጦ ወጥቷል። ምስጋናው ለወረዳው ሹማምንት ነው፤ የሳቸው ስም የትም የለም። ያኔ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ዘበኞቹ እጄን ጠምዝዘው ሲያስወጡኝ አስታውሳለሁ።

ከዚያ መድኃኒቱ አለበት ወደተባለው ሆስፒታል ሄድኩ፤ ፋርማሲስቷ ነገሩን ሰምታ ነበርና ሳትከራከረኝ አራት ጠርሙስ ፈርማ ሰጠችኝ። በቅሎ ላይ ሆኜ እንደ እንቁላል አቅፌ ክሊኒኩ አደረስኳቸው።

ክረምቱ ሳይገባ እንጨት ልትለቅም የወረደች አንዲት ሴት ተነድፋ መጣች። አራቱንም ሰጠኋት። በማግስቱ እብጠቱ መጉደል ጀመረ፤ በሳምንቱ በእግሯ ሄደች። እናቷ ጉልበቴን ይዛ ስትመርቀኝ አሜን ማለት አቃተኝ። የማስበው የሽማግሌውን ባለቤት ነበር። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር።