ያልገነፈለው ወተት

ዛሬ ጠዋት ወተት ገንፍሎ ምድጃው ላይ አረረብኝ። ጥፋቱ የስልኩ ነው፤ የገመቹ ልጅ ከነቀምት ደውላ አባቷ ሌሊት ማረፉን፣ ቀብሩም ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ስትነግረኝ የጣድኩትን ረሳሁት። እግዜር ያጽናሽ አልኳት፣ ስልኩን ዘጋሁ፣ ጨርቅ አርጥቤ ምድጃውን መፈተግ ጀመርኩ። አላለቀስኩም። እንባው ይመጣል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ፤ የመጣው ግን ያረረ ወተት ሽታ ብቻ ነበር፣ እሱም በጃንሆይ ዘመን ነቀምት ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ወደነበረ አንድ ጓሮ ይዞኝ ሄደ።

ገመቹ በትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ የምንቀመጥ ጓደኛዬ ነበር። አባቱ በነቀምትና በቢላ መካከል በበቅሎ ጨው የሚነግዱ፣ እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው የሚሄዱ፣ መጠጥ የማይቀምሱ ሰው ነበሩ፤ ያኔ ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ለልጃቸው ከተዉለት ነገር ሁሉ እሱ የሚወደው አንድ ተረት ነበር። አባ ዳማ የሚባል ጀግና፣ በዳማ ፈረሱ ስም የሚጠራ፣ ሚስቱ ወተት ስትጥድ እናቱ ቢላ ላይ መታመማቸውን ይሰማል፤ ፈረሱን አስነስቶ ቢላ ደርሶ፣ እናቱን አፈናጥጦ ነቀምት ይመለስና ወተቱ ሳይገነፍል ድስቱን በገዛ እጁ ያወርዳል። ችግሩ ተረቱ እዚህ ላይ አለማብቃቱ ነው። አባትየው ሁልጊዜ «ከዚያ ወተት ልጅ ሆኜ እኔም ጠጥቻለሁ» ብለው ነበር የሚጨርሱት።

በዚያ ዓመት የመጣልን የሒሳብ መምህር ፍጥነት ማለት ርቀት ለጊዜ ሲካፈል ነው ብሎ አስተማረንና አበድን። ያላካፈልነው ነገር አልነበረም። ጦጣዋ ከአንበሳ ስታመልጥ በምን ፍጥነት እንደሮጠች፣ ተራራ በትከሻው ያዞረው ጎበዝ የስንት የጭነት መኪና ጉልበት እንዳለው፣ የተረት ሰው የተባለ ሁሉ በእኛ እርሳስ ሥር አለፈ። የአባ ዳማ ተራ ሲደርስ የቢላን ርቀት ከሾፌሮች ጠይቀን መጣን፣ ወተት ለመፍላት የሚፈጅበትን ጊዜም እያንዳንዱ ከእናቱ ቤት ይዞ መጣ። ፈረሱ ነቀምት ከሚያርፈው አውሮፕላን በልጦ ተገኘ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ከኋላ አንዱ «እንግዲያ አባትህ የጠጡት ወተት ሳይሆን ጠላ ነው» አለ። ገመቹ አልተማታም። ፊቱ አመድ መስሎ «የአባ ዳማን ድስት ማን አየው? ቤት ኑና ጥዳችሁ እዩ» አለ። የሞተ ሰው ቃሉን ሊያስተባብል አይመጣም፤ የአባቱ እውነተኛነት በአንድ ድስት ወተት ላይ ወደቀ።

ክፍሉ እኔን ላከ። መምህሩ የእጅ ሰዓቱን አበደረኝ፤ ከሂቦ፣ ከኦሮሞው የእንቆቅልሽ ጨዋታ እንደለመድነውም የተረታው ለረታው አገር እንዲሰጥ ተስማማን። ወሩ የሁዳዴ ጾም ስለነበር፣ ከጎጃም የመጣችው እናቴ እንኳን ወተት የወተት ዕቃ እንኳ ደጃፍ አታሳልፍም፤ በገመቹ ቤት ግን የእኛ ጾም አይጾምም። እናቱ አዴ ጫልቱ ጾሜን አውቀው ማንጎ ልጠው ሰጡኝና ለድግስ የሚያወጡትን ትልቁን ድስት ጉልቻው ላይ አስቀመጡ። ይሄ በዛ ስላቸው ሳቅ አሉ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ የአባ ዳማ ቤት ላሙ ብዙ ነበር። ወተቱም በዚያው ልክ ነው የሚጣደው።»

ደረቁን እንጨት አልፈው ትናንት የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ማገዱ። እሳቱ ከመንደድ ይልቅ አለቀሰ፣ ጢሱ ዓይናችንን አጠፋው፣ እኔም ሰዓቱን አፍጥጬ እያየሁ በማንጎ ጭማቂ እጄን አጣበቅሁ። ወተቱ እንደ ምንም ብሎ ጠርዙ ድረስ ሊነሳ ሲል፣ አዴ ጫልቱ የወተት ጮጮውን አንስተው ቀዝቃዛውን ጨመሩበት። ወተቱ ወረደ። እንደገና ሊነሳ ሲል እንደገና ጨመሩበት። ገመቹ አየ፣ እኔም አየሁ፣ እሳቸውም እንዳየን አዩ። ሴትየዋ ለባላቸው የሚሟገቱት በዚያ ጮጮ ነበር። ጥላው ረዝሞ ላሞቹ ሲገቡ ወተቱ አልገነፈለም፣ የእኔም ወደ ቤት መመለሻ ደረሰ።

በማግስቱ ሰሌዳ ላይ አካፈልኩት። አባ ዳማ ከአውሮፕላንነት ወርዶ፣ ጥሩ ፈረስ ነፍሱ እስኪወጣ ቢጋለብ ሊደርስበት የሚችል ፍጥነት ላይ አረፈ። መምህሩ ቁጥሩን ረጅም ጊዜ አየ፣ ገመቹንም አየ፣ «ስሌቱ ልክ ነው» አለና ሰዓቱን ክንዱ ላይ አሰረ። ያ «ጠላ ነው» ያለው ልጅ ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። ገመቹ ወደ እኔ ዞሮ «አገር ስጠኝ» አለኝ። ቢላን ሰጠሁት፣ እምቢ አለ፤ ጎጃምን ሰጠሁት፣ እሱንም እምቢ አለ፤ ነቀምትን ሰጠሁት። «ነቀምት ገብቼ፣ ምን አጥቼ!» ብሎ ዴስኩን ደበደበ። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እውነትም ከነቀምት ሳይወጣ ኖረ። እኔ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ሥራ፣ ጡረታ፤ በዓል ሲመጣ በስልክ አካም አካም እንባባላለን፣ እመጣለሁ እለዋለሁ፣ ና ይለኛል። አልሄድኩም። መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም።

ምድጃው ሲጠራ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ እርሳስ አንስቼ ከዚህ ነቀምት ያለውን ርቀት እስከ ስምንት ሰዓት ለቀረው ጊዜ አካፈልኩት። ከአባ ዳማ በቀር የሚደርስ የለም። ቀዝቃዛ ጨምሮ ጊዜ የሚያተርፍልኝም የለም፤ አዴ ጫልቱ ካረፉ ብዙ ሆነ። አሁንም ደረቴ ውስጥ የሚላወስ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ለነገ የአውቶቡስ ትኬት ልቆርጥ ወጣሁ። ያገሩ ባለቤት ዛሬ ይቀበራል፤ እኔ ነገ ነቀምት ገብቼ የማጣው እሱን ነው።