ሳጥኑ ያላየው አጣና

ይህን ነገር ለእናቴም ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። አራት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ እየደረሰ ተመልሷል። ለማላውቅዎ ለእርስዎ የምጽፈው ፊትዎን ስለማላየው ነው።

ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ አንኮበር አጠገብ ባለው መንደራችን ወፍጮ ቤት ገባሁ። ዓይን አፋር ነኝ፤ ሰው ሲያናግረኝ መሬት መሬት አያለሁ። አንድ ነገር ግን እችል ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ያለው ፊውዝ ንፋስ ሲበረታ ወልቆ ይንጠለጠላል። እኔ ሁለት ደረቅ የባሕር ዛፍ አጣና አጋጥሜ አስሬ በአንድ ግፊት እመልሰው ነበር። ወንዶቹ እንኳ ሦስት አራት ጊዜ ይስታሉ። እትዬ ብርቄ እህል ይዘው በመጡ ቁጥር፣ «አንቺ እያለሽ የመብራት ሠራተኛ ምን ሊሠራ ይመጣል?» ይሉኛል። እኮራ ነበር። ከዚያ በፊት ማን አመስግኖኝ ያውቃል?

ኋላ መንገድ ዳር አዲስ ሳጥን ተሰቀለ። መስመሩ ሲበላሽ በራሱ ያጠፋል፣ ሲስተካከል በራሱ ያበራል፣ የሆነውንም ሁሉ ደብረ ብርሃን ላለው የመብራት ቢሮ ይልካል ተባለ። የመስመር ሠራተኛው ጋሽ ተፈራ፣ ከእንግዲህ አጣናሽን ለአጥር አድርጊው ብለው ቀለዱብኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ቂም ያዝኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወፍጮው ቆመ። ወጥቼ ሳይ ፊውዙ ተንጠልጥሏል። ሳጥኑ ይኸው አቃተው አልኩ በልቤ። መለስኩት። ወፍጮው አንዴ ዞሮ ቀጥ አለ፤ ከቁልቁለቱ ጩኸት ተሰማ። ለካ ጋሽ ተፈራ ናቸው ፊውዙን ነቅለው የተበጠሰ ሽቦ ሊቀጥሉ የወረዱት።

አላወቅኩም ልበል? መኪናቸው መንገድ ዳር ቆሞ አይቻለሁ። አይቼ ነው የመለስኩት። አፍሬ ነው ያልጠየቅኩት ብል ውሸት ነው፤ ንቄ ነው።

ቀኝ እጃቸው ተቃጠለ። ሳጥኑ ወዲያው ባያጠፋው ኖሮ ይሞቱ ነበር። የመንደሩ ሰው ግን ሳጥኑ በራሱ አብርቶ ሰው ጣለ እያለ ይነሳልን አለ። ከቢሮ የመጡት ደግሞ ፊውዙን በቦታው ስላገኙት፣ ሳይነቅሉ ሽቦ ነክተዋል ብለው ጥፋቱን የጋሽ ተፈራ አደረጉት። በሳምንቱ እጃቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ መጥተው ምሰሶውን ሽቅብ እያዩ፣ «በገዛ እጄ ነቅዬዋለሁ» አሉ። ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ሳጥኑ የራሱን ሥራ እንጂ የእኔን አጣና አያይም። እትዬ ብርቄ ትክ ብለው አዩኝ፤ ግን አልጠየቁኝም። መሬት መሬት እያየሁ ወደ ወፍጮው ተመለስኩ። ማታ አጣናውን ፈትቼ አጥር ላይ ሰካሁት፤ ጋሽ ተፈራ እንዳሉኝ።

እሳቸው ከመስመር ሥራ ተነስተው ደብረ ብርሃን ቢሮው ውስጥ መጋዘን ጠባቂ ሆኑ። ሰው ሲያገኙ፣ ምናልባት ሳልነቅለው ቀርቼ ይሆናል ይላሉ አሉ። እጃቸውን ብቻ ሳይሆን በራሳቸው ማመንንም ነጠቅኳቸው።

ክፉው ነገር፣ ዛሬም ያን አንድ ግፊት ሳስታውስ ደስ ይለኛል። ኩራቴ አልወጣልኝም። እንግዲያው በዚሁ ኩራት ልሥራበት ብያለሁ። ሰኞ ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ። ይቅርታ ይደረግልኝ አልልም። አለቆቻቸው ባሉበት ቀና ብዬ ዓይናቸውን እያየሁ እነግራቸዋለሁ፤ «ጋሼ፣ ነቅለውት ነበር። የመለስኩት እኔ ነኝ።»