ቁንዶ፣ ማማ እና አስተርጓሚው

ቁንዶ ብለው ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። እንደ ቁንዶ በርበሬ ትንሽ፣ ጠቆር ያለች፣ ስትነካ ግን የምታቃጥል ሴት ነበረች። በአንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ትመረምራለች። ስም ሳይጻፍበት የመጣ ብልቃጥ ካየች ላመጣው ሰው ወዮለት! ዶክተር ነው ዘበኛ ብላ ፊት አታይም። «ይኼ የማን ደም ነው? ባለቤት ከሌለው ና ክንድህን ዘርጋና ያንተን ልቅዳው!» ትላለች። ሌላው ይስቃል፤ እሷ ግን የምሯን ነው።

ባሏ መሬት ቀያሽ ነው። አባቱ በወጣትነታቸው ባሕር ማዶ ተሻግረው፣ እዚያው አግብተው የወለዱት ልጅ ስለሆነ ስፓኒሽን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል፤ ካደገ በኋላ ደግሞ ወደ አባቱ አገር መጥቶ ሥራ ያዘ፣ ቁንዶንም አገባ። ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው ወዳድ፣ ለማንም ክፉ የማይወጣው ሰው ነው ይባላል። ልጅ አልወለዱም።

አባትየው እዚያው ባሕር ማዶ ሲሞቱ እናትየው ብቻቸውን ቀሩና ቀያሹ አምጥቶ አብረውት እንዲኖሩ አደረገ። ሁሉም ሰው ማማ ይላቸዋል። አጥንታቸው ሰፊ፣ እጃቸው ትልልቅ፣ ድምፃቸው ከጓዳ ተነሥቶ ደጅ የሚሰማ አሮጊት ናቸው። ከስፓኒሽ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም። ቁንዶ ደግሞ ከስፓኒሽ አንድም ቃል አታውቅም። ስለዚህ በዚያ ቤት ሁለቱ ሴቶች የሚነጋገሩት ነገር ሁሉ በቀያሹ አፍ ማለፍ ነበረበት።

ማማ ከመጡ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ እሑድ ሦስቱም ምሳ በልተው እንደተቀመጡ ቀያሹ ጉሮሮውን ጠራረገና፣

«ማማ ብቻዋን ቤት መዋል ትፈራለች» አላት። «አፍ አውጥታ ለመናገር አፍራ ነው እንጂ፣ ቁንዶ ሥራዋን ትታ አብራኝ ብትውል ብላ ለምናኛለች።»

ቁንዶ ወደ ማማ ዞረች። ማማ ፈገግ አሉ። ፈገግታውን ልመና ነው ብላ ወሰደችው። ሥራዋን ትወድ ነበር፤ ግን ከባዕድ አገር የመጣች የአንዲት አሮጊት ፍርሃት አንጀቷን በላው። በወሩ መጨረሻ ነጭ ጋውኗን አስረክባ ቤት ገባች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዷ መስኮት ታያለች፣ ሌላዋ ግድግዳ። ማማ ወደ ኩሽና ብቅ ካሉ ቁንዶ ብድግ ብላ ወንበር ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸውም ፊታቸውን ከስክሰው ይመለሳሉ። «ክብር የማታውቅ ሴት» ትላለች ቁንዶ በልቧ፤ «ሥራዬን ሠዋሁላት፣ እሷ ታኮርፈኛለች።» ለባሏ ስትነግረው ደግሞ፣ «ማማ እኮ ትወድሻለች፣ የአነጋገሯ ነገር ነው» እያለ ይደልላታል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ።

አንድ ቀን የጥንት የላቦራቶሪ ጓደኛዋ ልትጠይቃት መጣችና ወሬ አቀበለቻት። አንድ የሕክምና መሣሪያ አስመጪ ድርጅት ዕቃውን በሙሉ ስፓኒሽ ከሚናገሩበት አገር ነው የሚያመጣው፤ መመሪያውን የሚተረጉምለት ሰው ግን አጥቷል። «መሣሪያውን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ቋንቋውን ብትማሪና ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠውን የትርጉም ሰርተፍኬት ብትይዢ፣ እዚሁ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ትሠሪዋለሽ።»

ለባሏ ስትነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እስቲ አንድ ነገር በዪና ልስማሽ!» አላት። ከስልኳ ሰምታ ያጠናችውን አንድ ዓረፍተ ነገር ምላሷ እየተሳሰረ አለችው። እሱም እናቱን ጠርቶ እንደገና አስባላትና ማማ ፊት ሳቀባት። ማማ አልሳቁም፤ ያንን ግን ቁንዶ ያኔ ልብ አላለችውም። ደሟ ፈልቶ፣ «ከዛሬ በኋላ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ የስፓኒሽ ቃል ከአፌ ቢወጣ ከምላሴ ይቁረጠኝ!» ብላ ማለች።

መሐላዋን ጠበቀች። መጀመሪያ ቋንቋውን ከቤት ውጭ ተማረች፤ ከዚያ ወደ ትርጉሙ ትምህርት ገባች። ቀያሹ ቤት በሚውልበት በቅዳሜና እሑድ ነው የምትሄደው፤ ማማ ብቻቸውን እንዳይሆኑ። የምታጠናው መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧ ከፍታ የተቀዳ ድምፅ እያዳመጠች ነው። ቤት ውስጥ ግን ድዳ ናት፤ ቀያሹም ምንም አልገባትም ብሎ ንቆ ትቷታል። የማማ አነጋገር የገጠር ነው፣ ይሮጣል፣ ግማሹን ይውጣል፤ ከመማሪያ ክፍሉ ስፓኒሽ ጋር አልገጥም ብሏት ብዙ ጊዜ ጫጫታ ብቻ ነበር የሚሰማት። መምህርቷ ድምፀ ሻካራ ሴት ናት። በየክፍለ ጊዜው የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «አትጨምሩ፤ አትቀንሱ፤ አታሳምሩ። የሰው ቃል የሰው ነው።»

አንድ ቅዳሜ ቁንዶ ከትምህርት መጥታ ምሳ ቀረበ። ማማ ሹካቸውን አስቀምጠው ለልጃቸው ተናገሩ። ያን ዕለት ጆሮዋ ተከፍቶ ነው መሰል፣ ቃሉ አንድ በአንድ ገባት። «ይቺ ሴት ዘበኛ ይመስል ለምንድነው እኔን ስትጠብቅ የምትውለው? ሥራ ትፈልግ እንጂ። እኔ እንደሆንኩ በር መቆለፍ አያቅተኝም።»

ቀያሹ ዳቦውን እየቆረሰ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ቤት ስትሆኚ ልቤ ያርፋል ትላለች።»

ቁንዶ ውሃ ጠጣች። ተሳስቼ ሰምቼ ይሆን? ጆሮዋን አላመነችውም። አፏ ላይ የመጣውን በጥርሷ ነክሳ ያዘችውና ሰኞን ጠበቀች።

ሰኞ ቀያሹ መሣሪያውን ተሸክሞ መስክ ወጣ። ቁንዶ ወደ ማማ ክፍል ሄደችና በሩ ላይ ቆመች። መሐላውን እርግፍ አድርጋ ትታ በስፓኒሽ፣ «ማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች።

ማማ የሚሰፉት ጨርቅ ከነመርፌው ከእጃቸው ወደቀ።

«ትናገሪያለሽ?»

«እናገራለሁ። ብቻዎን ቤት መዋል ይፈራሉ እንዴ?»

«ማ? እኔ?» ማማ ተነሡ። «በረት ሙሉ ከብት ይዤ ተራራ ላይ ብቻዬን የከረምኩ ሴት ነኝ! ማን ነው ያለው?»

«ልጅዎ። ሥራዬን የተውኩት እኮ እርስዎ ይፈራሉ ተብዬ ነው።»

ማማ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። «ለእኔ የነገረኝ ከሥራ አባረሯት ብሎ ነው። ታፍራለችና እንዳታነሺባት ብሎ አስጠንቅቆኛል። ወደ ኩሽናም ሰው እንዲገባባት አትወድም፣ እንዳትነኪባት አለኝ። እኔ እኮ እጄ ሥራ ፈትቶ ሊደርቅ ነው!»

ቀጥሎ ማማ ስለ ልጃቸው የተናገሩት ዩኒቨርሲቲው ከሚያስተምረው ውስጥ አልነበረም፤ ቁንዶ ግን ያለ መዝገበ ቃላት ገባት። እስከ ከሰዓት ድረስ ተነጋገሩ። ዝም የተባባሉበት ዘመን ሁሉ አንድ በአንድ እየተመዘዘ ወጣ። አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ትቆጣለች፣ አንዷ ስትቆጣ ሌላዋ ታለቅሳለች። ከሁሉ በላይ ቁንዶን ያንገበገባት የውሸቱ ጣፋጭነት ነው። ሰድባሻለች ብሎ ቢዋሻት ትጣላ ነበር፤ ትወድሻለች እያለ አሰራት። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ!

ቀያሹ አመሻሽ ላይ ጫማው አቧራ ለብሶ ሲገባ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እንዲህ ሲቀመጡ አይቶ አያውቅም። ማማ ጀመሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር በተናገሩ ቁጥር ቁንዶ ልክ እንደተማረችው ፊቷን ሳታጨማድድ ትተረጉምለታለች።

«እኔ አልፈራም፤ አልፈራምም ነበር» አለች ቁንዶ፣ የማማን ቃል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«በአፌ ነግደህብኛል» ብላ ቀጠለች።

«ገብቶኛል! የገዛ እናቴን ቋንቋ ልትተረጉሚልኝ ነው?»

«ስትሰማት ኖረህ ሌላ ነገር ስትነግረኝ ከኖርክ አልገባህም ማለት ነው» አለች፣ ይኼን ከራሷ። «ዝም ብለህ ስማ።»

ቀያሹ ወንበር ላይ ተዘረጠጠ። «ለሰላም ብዬ ነው» አለ። «ሁለት ሴት በአንድ ቤት… እንዳትጣሉ ብዬ ነው።»

«የምን ሰላም! መቼ አስተዋወቅኸንና ነው የምንጣላው?» አሁንም የምትናገረው ቁንዶ ራሷ ናት። «ሥራዬን ትቼ ቤት እንድውል የፈለግኸው አንተ ነህ። በገዛ አፍህ እፈልጋለሁ ብትለኝ እንቢ እልህ ነበር። ያንን ስላወቅህ በእናትህ ተሸፈንክ!»

ቀያሹ የጫማውን አቧራ እያራገፈ፣ «ከመስክ ስገባ ቤቱ ባዶ ሲሆን አልወድም ነበር» አለ፣ እንደ ልጅ። ሌላ ሴት በዚያ ቃል ትለሳለስ ይሆናል። ቁንዶ ግን ይበልጥ ተቃጠለች። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ዓመት የፈጀበት?

የሰርተፍኬቱ የቃል ፈተና የደረሰው በዚያው ሰሞን ነበር። ቁጣዋ አልበረደም፤ እንቅልፍም አልነበራት። መምህርቷ አሠሪ ሆና፣ ሌላ መምህር ሠራተኛ ሆኖ ይነጋገራሉ፤ ተፈታኟ በመካከላቸው ትተረጉማለች፤ በፈተናው ታሪክ ሠራተኛው ያለፈቃዱ የተባረረ ነው። አሠሪዋ በስፓኒሽ፣ «እኛ አላባረርንህም፤ ሥራውን ለቀቅኩ ያልከው አንተው ነህ» አለች። ቁንዶ አንድም ቃል ሳታጎድል ተረጎመችው። ከዚያ ከራሷ አፍ፣ «ውሸቷን ነው!» የሚል ወጣ።

ወደቀች።

መምህርቷ በኋላ ኮሪደር ላይ አገኘቻት። «ቋንቋሽ ጥሩ ነበር። የጣለሽ ያቺ ቃል ናት።»

«ባሌ ዘመኑን ሙሉ ሲጨምርና ሲቀንስ ኖሮ ማንም አልጣለውም!» አለች ቁንዶ፤ ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው። «እኔ አንዲት ቃል፣ ያውም እውነት ብጨምር ወደቅኩ!»

መምህርቷ ስለየትኛው ባል እንደሆነ አልገባትም፤ ነገሩን ስትነግራት ግን ቆማ ሰማቻት። «እሱም እኮ ለጥሩ ነው የጨመርኩት ነው የሚልሽ» አለቻትና ወደ ክፍሏ ገባች። ቁንዶን ያበሸቃት ሴትዮዋ ልክ መሆኗ ነበር።

ድጋሚ ፈተናው እስኪደርስ ያለማመዷት ማማ ናቸው። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፉ አንዴ ወስላታ ነጋዴ፣ አንዴ ጉረኛ ሐኪም እየሆኑ ይዋሹላታል፤ ስትናደድ በማንኪያ ጠረጴዛውን ይመቱና «እንደገና!» ይላሉ። በሁለተኛው ጊዜ ጥርሷን ነክሳ፣ የማንንም ውሸት ለማንም ሳትነካ አሳልፋ ሰጠች። አለፈች።

ሰርተፍኬቱ በተሰጠበት ቀን ማማ የቀሚሳቸውን ጫፍ ይዘው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ቀያሹ ሳይጠራ አበባ ይዞ መጣና ለአጠገቡ ሰው፣ «ቤት ውስጥ እኔ ነበርኩ የማለማምዳት» ሲል ቁንዶ ሰማችው። አበባውን ተቀብላ ለማማ ሰጠቻቸው። ሰውየውንም፣ «እሱ አላለማመደኝም፤ እሳቸው ናቸው» አለችው። ቀያሹ ጆሮው ድረስ ቀላ። ቁንዶ አላዘነችለትም።

ላቦራቶሪው ቦታዋን ለሌላ ሰጥቶ ነበርና አልተመለሰችም። ያ የመሣሪያ አስመጪ ግን ቀጠራት። ቤት ሆነሽ ሥሪ ሲላት፣ «ቢሮ ስጡኝ» አለች፤ ሰጧት። ማማ የራሳቸውን ቁልፍ አሠርተው ገበያ ይወጣሉ፣ በተጣመመ አማርኛ ከነጋዴው ጋር ይከራከራሉ፣ ኩሽናውንም ጠቅልለው ወስደዋል። ምሳ ላይ የሚያወሩት ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ቀያሹ የሚፈልገው ነገር ካለ እፈልጋለሁ ብሎ በገዛ አፉ ይጠይቃል፤ አንዳንዴ ይሰጠዋል፣ አንዳንዴ አይሰጠውም።

ባለፈው ጠዋት ቁንዶ ለሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ጠበቃት።

«አሁንም ተቆጥተሻል?»

«አዎ» አለችው። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወጣች።