የመብረቁ አምላክ ልጅ በዕቃ ክፍል ሠራተኛው ሳሎን

ከሰኞ እስከ ዓርብ የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነው። ወረቀት፣ መጥረጊያና የፕሪንተር ቀለም ሲያወጣ ይውላል፤ «ቶሎ በል እንጂ» የማይለው የለም። ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎኑ ውስጥ ሲሰየም ግን አማልክት እንኳ እሱን ሳያስፈቅዱ አያስነጥሱም። ከጥንት ግሪኮች ተረት ተነሥቶ ራሱ የፈጠረው የምናብ ጨዋታ አለው። ተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርይ መርጠው በአፋቸው ይጫወታሉ፣ እሱ ታሪኩን ይመራል፣ ያከራከረውን ነገር ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ያለበት ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ተወርውሮ ይቆርጠዋል። ስለዚህ «ዳኛው» ይሉታል። ይህን ሲሰማ ትከሻው ቀና ይላል፤ ምን ይደረግ፣ ሌላ የሚያቀናለት ነገር አላገኘም።

የሚመረጠው ብዙ ነው፦ ግማሽ ፈረስ ግማሽ ሰው፣ ባለ ፍየል እግር ዋሽንት ነፊ፣ በሬ ራስ ጦረኛ። ዳኛው አብልጦ የሚኮራው ግን ምንም ኃይል በሌለው ተራ ሰው ነው። እሱን ሲፈጥር ብዙ ደክሟል፤ መርከብ መጠገን፣ ቁስል ማሰር፣ ሰው ሲሸሽ መቅረት ያውቃል። እስካሁን የመረጠው ሰው የለም። ሁሉም የአምላክ ልጅ መሆን ነው የሚፈልገው። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ግማሽ ፈረሱ በዳይስ ሞቶበት በሬ ራስ ጦረኛውን ተለምኖ ሲወስድ እንኳ «አጎቴ የባሕር አምላክ ይሁንልኝ» ብሏል። የዳኛው ባለቤት ብቻ እውነት ተናግራ ማንም የማያምናትን ነቢይት ሳታንገራግር መረጠች።

«ልምዱ አለኝ» አለች።

የጨዋታው ሕግ በትልቁ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፦ የወደቀ ዳይስ አይነሣም፣ ለማንም ቢሆን።

በዚያ ሰሞን የዕቃ ክፍሉ የኃላፊነት ቦታ ክፍት ሆነ። ዳኛው ተፈትኖ አንደኛ ወጣ፤ ዓመታት የጠበቀው ወንበር የመምሪያ ኃላፊው ፊርማ ብቻ ቀረው። እኚሁ ኃላፊ ስለ ጨዋታው ሰምተው «ቅዳሜ እመጣለሁ» ሲሉት ሳሎኑን ቀለም ሊያስቀባ ምንም አልቀረው።

መጥተው ደህናውን ሶፋ ያዙ። ምርጫዎቹን ሲያስረዳቸው ተራው ሰው ላይ ሲደርስ «ይሄን ለሠራተኞቹ ተወው» አሉና የመብረቅ አምላክ ልጅ ሆኑ።

ጨዋታው ብዙ ራስ ያለው እባብ ከሚኖርበት ዋሻ አደረሳቸው።

«አይግቡ፤ ይሞታሉ» አለች ነቢይቷ።

«የማትታመን ናት ተብሎ የለም እንዴ? እንዴት ልመናት?» ብለው ገቡ፤ ዳይሱንም ወረወሩ። አንድ ወጣ። አንድ ማለት ሞት ነው።

ኃላፊው ዳይሱን ትተው ዳኛውን አዩት። «ጠረጴዛው ትንሽ ያዘነበለ አይመስልህም?»

ዳኛው ወደ ባለቤቱ ዞረ። እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ እንደ ነቢይት ይሁን እንደ ሚስት አልለየለትም።

«ለአምላክ ልጅ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ዳይስ ሁለቴ ይጣላል።»

ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳውን አየና ጫማውን መፈለግ ጀመረ። «የመጀመሪያውን ግማሽ ፈረሴን ስትገድልብኝ ጠረጴዛው ያው ይሄ ነበር» ብሎ ወጣ። ዳኛው አፈረ፤ የምር አፈረ። ኃላፊው በሁለተኛው ዳይስ እባቡን ገድለው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ሰኞ አስጠሩት።

«የእህቴ ልጅ ፈተናውን ወድቆ አልነበር? ድጋሚ አስፈተንነው፤ በለጠህ። ቦታው ለእሱ ሆኗል» አሉ።

«ጌታዬ፣ ፈተና ድጋሚ አይሰጥም እኮ። ደንቡ...»

ኃላፊው ከልባቸው ተገረሙ። «አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ? ለአምላክ ልጅ ሁለቴ ይጣላል።» ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ፣ ልማድ ሆኖበት።

ቅዳሜ ማንም አልመጣም። ዳኛው ከግድግዳው ላይ ሕጉን ሊገነጥል ሲነሣ ባለቤቱ እጁን ያዘችው።

«ተቀመጥ። ዛሬ እኔ ልዳኝ፤ አንተ ምረጥ።»

ብዙ አሰበና ተራውን ሰው መረጠ። ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ዳይሱን ወረወረ። አንድ ወጣ።

ቀና ብሎ አያት። «ጠረጴዛው ትንሽ አላዘነበለም?»

«አላዘነበለም» አለች።