የመለያየት ቃላትና የእህቴ መንትዮች

ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጀርባ ባለ ክፍል፣ እዚህ ሰው አገር ለተወለዱ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ከሁሉ የምወደው ተመሳሳይ ቃላትን ማስተማር ነው። የተቀላቀለውን እንለያለን፤ ምስርን ከጠጠር። ሙሉውን እንከፍላለን፤ ብርቱካንን ለሁለት። ዳቦ ይቆረሳል፣ ቅርንጫፍ ይገነጠላል፣ የተሰበሰበ ይበተናል። «ቃሉን ከመምረጣችሁ በፊት፣ ነገሩ ቀድሞ ምን እንደነበረ ጠይቁ» እላቸዋለሁ። «ድብልቅ ነበር? አንድ ነበር? ወይስ ጓደኛ ነበረው?» ጓደኛ ከነበረው መነጠል ነው።

ከተማሪዎቼ ሁለቱ የእህቴ መንትዮች ናቸው፤ ወንድና ሴት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጆች።

እህቴና ባሏ ሲጣሉ ጉዳዩ ለሽማግሌዎች ቀረበ። በሽምግልና መጀመሪያ ሁለቱም ወገኖች የሚባሉትን ሊቀበሉ ቃል ይገባሉ፤ ዋስም ይጠራሉ። እህቴ እኔን ጠራች። ሽማግሌ ያስታርቃል ብለን ስለነበር ሁለታችንም ሳናቅማማ እሺ አልን።

በመጨረሻው ቀን ባሏ ሩቅ ከተማ፣ ሲያትል፣ ሥራ ማግኘቱንና እንደማይመለስ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ውጭ ወጥተው ተመካክረው ተመለሱ።

«እንግዲህ ማንም ባዶ እጁን እንዳይቀር ልጆቹን እናካፍላችሁ» አሉ በዕድሜ ትልቁ። «ወንዱ ከአባቱ፣ ሴቷ ከእናቷ።»

«ጋሼ፣ የሚካፈሉትማ ንብረት ነው» አልኩ፤ አፌ ቀደመኝ። «እነዚህ ልጆች አንድም ቀን ተለያይተው አድረው አያውቁም። ይሄ መነጠል ነው።»

«አስተማሪው ክላስ ጀመረ!» አሉ ሌላው፤ ሳቁ።

ትልቁ አልሳቁም። «የፈለግከውን በለው ልጄ። ዋስ አይደለህም እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩት የለም። ትልቁ ሽማግሌ ሱቅ ድረስ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ተነሥ፣ ከስተመር ይገባል» አሉኝ። እህቴን ፍርድ ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኳት።

«ቃል ገብቼ?»

«ዋስነቴን አንስቻለሁ እላቸዋለሁ።»

«አንተማ ትላለህ! የምሠራው እዚሁ ጎዳና ላይ፣ የማስቀድሰው ከእነሱ ጋር። ነገ ማን ፊት ልቁም?» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ለልጆቹ መንገሩ ለእኔ ተተወ፤ ማስረዳት ይችላል ተብሎ። ሚድ ሲቲ ሰፈር ባለው አፓርታማቸው ምንጣፉ ላይ ተቀመጥንና ቃል መፈለግ ጀመርኩ። ትከፈላላችሁ ልበል? አንድ ብርቱካን አይደሉም። ትራራቃላችሁ? የተራራቀ መልሶ ይቀራረባል፤ ያንን ቃል ልሰጣቸው አልችልም። ትለያያላችሁ ብል፣ ራሳቸው የፈለጉት ያስመስላል። ልንነጥላችሁ ነው ብል፣ እነማን ናችሁ ይሉኛል፤ ከእነዚያ አንዱ እኔ ነኝ።

ሁሉንም ተውኩት።

«አባባ ጋር ሲያትል ትሄዳለህ» አልኩት ልጁን። «ሻንጣህን እናዘጋጅ።»

«ኦኬ» አለ። ከዚያ ዙሪያውን አየ። «ሶ፣ የእሷስ ሻንጣ የት ነው?»

እኔ የእሱን ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ አወረድኩ። እህቱ ግን ተነሥታ፣ አልጋው ሥር ተንበርክካ የራሷን መፈለግ ጀምራ ነበር።