ተመስገን፣ ለምለም ነው

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሯን ምሳዬ አጠገብ ዘርግታ ሁለት ካርታ አሳየችኝ። የግብርና ተማሪ ናት። አንደኛው ሳተላይት የወምበርማን ቆላ አረንጓዴ አድርጎታል፤ ሌላኛው ያንኑ አገር ቢጫ። «ጋሼ፣ የቱን ልመን?» አለችኝ። እንጀራው ሳልነካው ደረቀ።

እኔም በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ፕሮጀክት የቀጠረኝ ለዚሁ ጥያቄ ነበር። ሳተላይት እህል አያይም፤ የሚያየው የቅጠል ልምላሜ ነው። በዚያን ጊዜ አሮጌው ሳተላይት ሊሰናበት ተቃርቦ አዲሱ ሥራ ጀምሯል። አንዱን ማሳ በአንድ ሳምንት ቢያዩት እንኳ አዲሱ አስበልጦ ይለካል፤ መነጽሩ ሌላ ነዋ። የብዙ ዓመቱ አማካይ የተሰላው ግን በአሮጌው ነው። የዘንድሮን በአዲሱ ለክቶ ከዚያ አማካይ ጋር ማስተያየት፣ በትንሽ ቁና የሰፈሩትን እህል በትልቅ ቁና እንደተሰፈረ አድርጎ መቁጠር ነው። ይህን በየስብሰባው ተናገርኩ። ሻይ ጠጥተው ተበተኑ።

በዚያ ክረምት ከሽንዲ ወዲያ ባለው ቆላ፣ በቆሎው ፀጉር ባወጣበት ሰሞን ዝናቡ ተቋረጠ። ሲመለስ ለበቆሎው ዘግይቷል፤ አረሙን ግን አለመለመው። አሮጌው ሳተላይት «ከአማካይ በታች» አለ፣ አዲሱ «በላይ»። ቀበሌው ተጎጂ ከተባለ ዘርና የዕርዳታ እህል ይመጣል፤ ካልተባለ ሁሉም በየጎጆው መላውን ይፈልጋል።

ማሳውን ላይ ስወርድ ያረፍኩት አያ አለምነው ከሚባሉ ገበሬ ቤት ነበር። የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝና እሳቸው ሳይቀምሱ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ዕርዳታው ካልመጣ በሬዎቹን ነው የምሸጥ» አሉኝ። «በሬ የሌለው ገበሬ ደሞ ምኑን ገበሬ ሆነ?»

በማግስቱ ከበላይ የተላኩ አንድ ኃላፊ፣ ጫማቸውን ጭቃ እንዳይነካው እየመረጡ እየረገጡ መጡ። ሁለቱ ሳተላይቶች ስላልተስማሙ የማሳውን ባለቤት እንጠይቅ ተብሏል። ደስ አለኝ፤ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

«አባቴ፣ ሰብሉ እንዴት ነው?»

አያ አለምነው ጋቢያቸውን አስተካክለው ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። «ተመስገን፣ ለምለም ነው።»

ክንዳቸውን ያዝኩ። «ኧረ አያ፣ ማታ የነገሩኝን ይንገሯቸው እንጂ!»

«በማሳ የቆመ እህል በእንግዳ ፊት አይታማም፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ፈጣሪ ይሰማል። ዓይን ያለው ደሞ ያያል።»

ዓይን ያለው! ሮጬ ማሳው ገብቼ አንድ የበቆሎ ራስ ቀንጥሼ ለኃላፊው ላጥኩላቸው። ባዶ ቆረቆንዳ። ኃላፊው ፈገግ አሉ። «አንድ ራስ ቀበሌ አይሆንም፣ ወጣቱ። ይኸው፣ ሳተላይቱም ገበሬውም ተስማሙ።»

በዚያ አገር «ሰብሉ እንዴት ነው» ሰላምታ መሆኑን፣ መልሱም ምስጋና መሆኑን እሳቸው አያውቁም። እኔ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ለማንም አልፈየደም። ዘሩም እህሉም ሳይመጣ ቀረ።

በሬዎቹ በጥምቀት ሰሞን ሽንዲ ገበያ ተሸጡ። በበልግ ቡሬ መገናኛው ላይ አያ አለምነውን አገኘኋቸው፤ ለቀን ሥራ ወደ ወለጋ ሊሄዱ የነቀምት መኪና ሲጠብቁ። እንደምን ከረሙ ብላቸው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉኝ። እዚያው ሄደው ወባ ጣላቸው። የተቀበሩበትን ያየ ዘመድ የለም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አልነገርኳትም። የአያ አለምነው ልጅ አንጓች አግብታ እዚያው ቆላ ትኖራለችና ስልክ ደወልኩላት።

«ሰብሉ እንዴት ነው ዘንድሮ?»

«ተመስገን ጋሼ፣ ለምለም ነው።»

የእህቴ ልጅ ሰምታ «በቃ፣ አረንጓዴው ነው ትክክሉ» ብላ መጻፍ ጀመረች። ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፈኝ ትምህርት አንድ ነው፤ የገበሬን ጉዳት ስለ ሰብል ጠይቆ ማወቅ አይቻልም። ማወቁም ቢሆን የሚመልሰው ነገር እንደሌለ እያወቅሁ ጠየቅሁ።

«በሬዎቹስ፣ አንጓች?»

ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ» አለች።