ፎቶ ሆኖ የመጣ መርዶ

ያኔ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የምሠራበት ቢሮ፣ ዌብሳይቶች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ የሚያደርግ ነበር። እኔ ራሴ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ግላኮማ በጎልማሳነቴ ብርሃኔን ወሰደው። ሥራዬ የባንኩንም የሆስፒታሉንም ገጽ በጆሮዬ መመርመር ነው። ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ እኔ የቱ ጋ እንደሚደናቀፍ እነግራቸዋለሁ። አማርኛም ቢሆን በጽሑፍነቱ ከተቀመጠ እየተኮላተፈ ይወጣዋል። ፎቶ ተደርጎ ከተለጠፈ ግን «ግራፊክ» ይልና ያልፈዋል።

የእኛ ጀመዓ ገጽ ሁሉ ነገሩ ፎቶ ነበር። የወሎ ልጆች ተሰባስበን ሲልቨር ስፕሪንግ ያቋቋምነው ጀመዓ ነው፤ ሠርጉም፣ ሰደቃውም፣ መርዶውም እዚያ ገጽ ላይ ይወጣል። ገጹን የሚሠራው እዚሁ ተወልዶ ያደገ የጓደኛዬ ልጅ ነው። በጽሑፍ አስገባው ብዬ ስንቴ ጨቀጨቅኩት። አማርኛው የሰው ኮምፒውተር ላይ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ይታያል፣ ፎቶው ደግሞ ያምራል ይለኛል። ማማሩ ለማን ነው ስለው አባቱ ይስቅና፣ ተወው እኔ እነግርሃለሁ ይላል። ይነግረኝም ነበር። ታክሲ ነጂ ነው፤ አርብ አርብ ከቢሮዬ በር ላይ ያነሳኝና ለጁምዓ ስንሄድ፣ በሳምንቱ የወጣውን ሁሉ መንገድ ላይ ይዘረግፍልኛል።

አንድ አርብ በዚያ ብርድ በር ላይ ቆሜ ብጠብቀው ቀረ። ስደውል ስልኩን ልጁ አነሳው። አባቱ ማክሰኞ ሌሊት ልቡ ቀጥ ብሎ ሞቷል፤ ረቡዕ ቀብረውታል።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ያን ገጽ ከፍቼው ነበር። «ግራፊክ» አለኝ። የባዛር ማስታወቂያ መስሎኝ ዘጋሁት።

ሌላ ታክሲ ይዤ ለቅሶ ቤቱ ስገባ ወንዶቹ ሰላምታዬን በቀዘቀዘ ድምፅ መለሱልኝ። ተቀይመውኛል። አለመስማቴን ስነግራቸው አንዱ ሽማግሌ፣ ለእኔ መደወል ለቀባሪው ማርዳት መስሎት እንደተወው ነገረኝ። ለካ ሁሉም እንደዚያው አስቧል። የዕድሜ ልክ ጓደኛው ሳይሰማ ይቀራል ብሎ ማን ይጠርጥር። ልጁ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ፖስት አድርጌው ነበር እኮ። ጀናዛውን ሆልድ አድርገን ጠበቅንዎት።»

በእኛ ሃይማኖት ጀናዛ ሳይቀበር አይቆይም። እነሱ ለእኔ ብለው አቆዩት፣ እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሳንድዊቼን እየበላሁ ነበር። ልጮህበት ፈለግሁ፤ ግን አባቱን በቀበረ ልጅ ላይ እንዴት ተብሎ ይጮሃል። እንግዲያው ያወጣኸውን አንብብልኝ አልኩት፤ ጓደኛዬ በምን ቃል እንደተሸኘ እንኳ ልስማ።

ስልኩን አወጣ።

«አይ ካንት ሪድ ኢት፣ ጋሼ» አለኝ። «አማርኛ ማንበብ አልችልም። የጀመዓው ሰዎች ፎቶውን ይልኩልኛል፣ እኔ አፕሎድ አደርጋለሁ።»

ከዚያ አለቀሰ። እኔም ትከሻውን ይዤ አለቀስኩ። ሽማግሌው ስልኩን ከእጁ ተቀበለውና የአባቱን መርዶ ለሁለታችንም አነበበልን።